ከኮርኒሱ በላይ፦ ለአቲካችን የሚስማማውን ኢንሱሌሽን መምረጥ

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል]

በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተንና አካባቢው፣ በዴንቨር፣ በሲያትል፣ በአትላንታ፣ በዳላስ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የራሳችሁ ቤት ያላችሁም፣ ተከራይታችሁ የምትኖሩም፣ ዛሬ አብራችሁን ቆዩ። የምናወራው በየወሩ በጋዝና በመብራት ቢል በኩል ስለሚወጣ ገንዘባችሁ ነው።

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ቤታችሁን ከገዛችሁ ጀምሮ ወደ አቲክ፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መሀል ወዳለው ቦታ፣ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ኮርኒሱ ላይ ያለችውን ትንሽ በር ገፋ አድርጋችሁ፣ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ፣ እዚያ ላይ ምን እንዳለ አይታችኋል?

ብዙዎቻችን አላየንም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል ያለውን ቦታ የሚያስታውሰው አይጥ ሲሯሯጥበት ወይም ክረምት መጥቶ ጣሪያው ሲያፈስ ነው። ቤቱን በማሞቂያ አሙቆ የማያውቅ ሰው፣ ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል ብሎ የሚጨነቅበት ነገር የለውም። ስለዚህ እዚህም ቤት ስንገዛ ኩሽናውን እናያለን፣ ቤዝመንቱን እናያለን፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ሰፈሩ እንጠይቃለን። አቲኩን ማን ያያል?

የሚኒሶታን ጥር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፈርነሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳና ሲጠፋ ያድራል፣ ጠዋት ግን ፎቅ ላይ ያለው የልጆች ክፍል አሁንም ብርድ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የት ሄደ? ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከአናታችን ላይ በቂ መከላከያ ካላገኘ በኮርኒሱ አልፎ አቲክ ይገባል፣ ከዚያ በጣሪያው በኩል ሰማይ ላይ ይበተናል። የከፈልንበት ጋዝ ማለት ነው።

[አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

እንግዲህ ይህን መከላከያ፣ ማለትም ኢንሱሌሽን፣ ለመግዛት ወደ ሱቅ ስትሄዱ፣ ወይም ኮንትራክተር ስትጠሩ፣ መጀመሪያ የሚነሳው የዓይነት ጥያቄ ነው። ፋይበርግላስ ይሻላል ወይስ ሴሉሎስ? ፎም እናስነፋ? ዋጋውስ?

እኔ ዛሬ ቅደም ተከተሉን ላስለውጣችሁ ነው የመጣሁት። እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ቀጥሎ ውፍረቱ፣ በመጨረሻ ዓይነቱ። ልድገመው። መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ቀጥሎ ውፍረቱ፣ በመጨረሻ ዓይነቱ። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው ውድ ዕቃ ገዝቶ በብርድ ሊቀመጥ ይችላል።

ለምን? ጋቢን አስቡ። ጋቢ ለምንድን ነው የሚያሞቀን? ጥጡ እሳት የለውም። በክሮቹ መሀል ታፍኖ የተቀመጠው አየር ነው የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ የሚያቆየው። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ሙቀቱም አይሄድም። ያንኑ ጋቢ ለብሳችሁ ነፋስ በሚያልፍበት ደጃፍ ብትቆሙና ነፋሱ ከሥር ቢገባስ? ጋቢው እላያችሁ ላይ ሆኖ ይበርዳችኋል። ኢንሱሌሽንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። የሚያሞቀው ውስጡ ረግቶ የተቀመጠው አየር ነው። ከሥሩ ባለው ቀዳዳ የቤቱ አየር እየሾለከ ካለፈበት፣ ሃያ ኢንች ብትከምሩበትም ሥራውን በሚገባ አይሠራም።

ስለዚህ ከቀዳዳው እንጀምር። ቆየት እንልበታለን፣ ምክንያቱም ኮንትራክተሮች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንን ነው።

ኮርኒሳችሁ ከታች ስታዩት ደህና የተዘጋ ይመስላል። ከላይ ስታዩት ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳው አናት በኩል የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ወደ ጣሪያ የሚያልፍበት፣ ከቧንቧው የሰፋ ክፍተት አለ። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩት ክብ መብራቶች ዙሪያቸው ክፍት ነው። የጭስ ማውጫው ዙሪያ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ሊኖረው ይችላል። የአቲኩ በርስ? ብዙ ቤት ውስጥ አንዲት ስስ ጣውላ ናት፤ ላስቲክ የላትም፣ ከላይዋም ምንም አልተደረበባትም።

እነዚህን ቀዳዳዎች እንዴት ታገኛላችሁ? አንድ ጥሩ ምልክት ልንገራችሁ። አቲካችሁ ውስጥ የቆየ ፋይበርግላስ ካለ ቀስ አድርጋችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። በአንዳንድ ቦታ ጠቁሮ፣ ቆሽሾ ታገኙታላችሁ። አየር በዚያ በኩል እየሾለከ ሲወጣ ፋይበርግላሱ አቧራውን አጣርቶ ያስቀራል። ጥቁር ያያችሁበት ቦታ ሥሩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ትናንሾቹን ስንጥቆች በኮልክ፣ ሰፋ ያሉትን በጣሳ በሚሸጠው የሚነፋ ፎም ትደፍኗቸዋላችሁ። የጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ለብቻው ነው። እዚያ ተራ ፎም አይገባም፣ እሳት ይይዛል። በቆርቆሮ ተከድኖ ጠርዙ እሳት በሚችል ማሸጊያ ነው የሚዘጋው፤ ኢንሱሌሽኑም ከጭስ ማውጫው ራቅ እንዲል ዙሪያውን የቆርቆሮ አጥር ይሠራለታል። ክብ መብራቶቹም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የቆዩት በኢንሱሌሽን ቢሸፈኑ ይግላሉ፣ አደጋ አላቸው። ለመሸፈን የተፈቀዱት በላያቸው ላይ ይጻፍባቸዋል። ምልክቱን ካላገኛችሁ ኢንሱሌሽኑ ቢያንስ ሦስት ኢንች ይራቅላቸው፣ ወይም መብራቶቹን አስለውጡ።

ይህ ሁሉ ከሥራ በኋላ ቅዳሜ የሚሠራ አይደለም የምትሉ ካላችሁ፣ መርማሪ ባለሙያ አለ። በደጃፋችሁ ላይ ትልቅ ፋን ገጥሞ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል። ያኔ የውጭው አየር በየቀዳዳው ሲገባ በእጃችሁ ሳይቀር ይሰማችኋል። በብዙ ግዛቶች የጋዝና የመብራት ድርጅቶች ይህን ምርመራ በቅናሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ያሠራሉ። ቢል የሚልክላችሁን ድርጅት ጠይቁ። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁም ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ። የጋዝ ውሃ ማሞቂያችሁ የድሮ ከሆነና ጭሱ በጭስ ማውጫ የሚወጣ ከሆነ፣ ቤቱ በደንብ ሲታፈን ጭሱ ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። መርማሪው ከሥራው በፊትም በኋላም ይህን እንዲፈትሽላችሁ ንገሩት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም በየፎቁ፣ በመኝታ ክፍሎች አካባቢ ይኑራችሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

የሚኒሶታ አድማጮቻችን፣ ይህ ለእናንተ ነው። በክረምት ከጣሪያችሁ ጠርዝ ረጃጅም የበረዶ ዘንጎች ተንጠልጥለው አይታችኋል? ያምራሉ፣ ልጆችም ይወዷቸዋል። ግን የሚነግሩን ነገር አለ።

ሞቃት አየር በቀዳዳ ወጥቶ አቲኩን ያሞቃል። አቲኩ ጣሪያውን ያሞቃል። ጣሪያው ላይ የተከመረው በረዶ ከሥሩ መቅለጥ ይጀምራል። ውሃው ቁልቁል ይፈስና ከግድግዳው ወጣ ያለው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ይደርሳል። እዚያ ከሥሩ ሙቀት የለም። ስለዚህ እንደገና ይረጋል። ቀን በቀን እየተጠራቀመ ግድብ ይሠራል። ከግድቡ ኋላ የቆመው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በጣሪያው ክዳን ሥር ሾልኮ ወደ ግድግዳና ወደ ኮርኒስ ይገባል። መጋቢት ላይ የመኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ሲታይ ሰው ጣሪያው አርጅቷል ይላል። ጣሪያው ምንም ላይሆን ይችላል። ችግሩ የተነሳው ከኮርኒሱ ቀዳዳ ነው።

ሰው በረዶውን በመጥረቢያ ያስፈልጣል፣ ጠርዙ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ያስዘረጋል። ለጊዜው ያስታግሳል። ዘላቂው መፍትሔ ግን አሁንም ያው ነው። እስቲ አብራችሁኝ በሉ፦ መጀመሪያ ቀዳዳው።

ከሙቀቱ ጋር አብሮ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ። እርጥበት። የእኛን ቤት አስቡት። እንጀራ ይጋገራል፣ ክዳኑ በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣል። ወጥ ለሰዓታት ይንተከተካል። ቡና ይፈላል። ለበዓል ቤቱ በሰው ይሞላል፣ የሁሉም ትንፋሽ እርጥበት ነው። ይህ አየር በቀዳዳው አቲክ ገብቶ የቀዘቀዘ የጣሪያ እንጨት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ይቆይና ሻጋታ ያበቅላል፣ እንጨቱንም ያበሰብሳል።

እና አንድ ነገር ፈትሹልኝ። የመታጠቢያ ቤታችሁ ፋን ቱቦ የት ነው የሚያበቃው? የምድጃችሁ ሁድስ? አንዳንድ ቤት ውስጥ ቱቦው አቲኩ ውስጥ ተጥሎ ነው የሚገኘው። ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ይህ ሳይስተካከል ኢንሱሌሽን መጨመር እርጥበቱን አፍኖ ማስቀመጥ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ውፍረቱ። ኢንሱሌሽን የሚለካበት አር ቫሊዩ የሚባል ቁጥር አለ። ሙቀትን የመከልከል አቅሙን ይናገራል። ቁጥሩ ሲያድግ አቅሙ ያድጋል። አር-38 ከአር-19 እጥፍ ይከላከላል። ይህን ብቻ ካወቃችሁ ሱቅ ገብታችሁ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ትችላላችሁ።

ስንት ያስፈልገናል? እንደየምትኖሩበት ይለያል። ኢነርጂ ስታር የተባለው የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም የሚመክረው እንዲህ ነው። ዋሽንግተን፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ፣ አቲካችሁ ባዶ ከሆነ አር-60 አድርጉ። ሦስት አራት ኢንች የቆየ ካለ በላዩ አር-49 ጨምሩ። አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሂውስተን ያላችሁ፣ ባዶ ለሆነው አር-49፣ ሦስት አራት ኢንች ላለው ደግሞ አር-38 መጨመር ይበቃል።

ቁጥሩ ቢያምታታችሁ ማስመሪያ ይዛችሁ ውጡ። ኮርኒሱን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች አናታቸው ይታያል? የሚታይ ከሆነ ኢንሱሌሽናችሁ በቂ አይደለም። እንጨቶቹ ጠልቀው ተሸፍነው እኩል የተነጠፈ ሜዳ ከመሰለ ግን ደህና ላይ ናችሁ።

በምሳሌ እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1950ዎቹ የተሠራ አንድ ቤት አለ እንበል። ባልና ሚስት ገዝተውት አቲኩን ሲያዩ አራት ኢንች የሚሆን የተጨፈለቀ ፋይበርግላስ ያገኛሉ። ሻጋታ የለውም፣ አይጥ አልገባበትም፣ ደረቅ ነው። ይጣል? አይጣልም። ቀዳዳውን ከደፈኑ በኋላ በላዩ አሥራ አራት ኢንች ያህል ሴሉሎስ ቢያስነፉ የተመከረው ላይ ይደርሳሉ። በሚነፋ ፋይበርግላስ ቢያደርጉት አሥራ ስምንት ኢንች ገደማ ይሆናል፣ እሱ ሳሳ ያለ ስለሆነ። የቆየው ከእርጥበትና ከአይጥ ነጻ ከሆነ ማውጣት አያስፈልግም። አስወጥታችሁ ካልጨመራችሁ የሚላችሁን ሰው ምክንያቱን በፎቶ አሳየኝ በሉት።

ደግሞ ሁልጊዜ መጨመር አለብን ማለት አይደለም። ከባዶ ተነስቶ የሚጨመረው የመጀመሪያው ስድስት ኢንች ብዙ ያድናል። ቀድሞ አር-38 እኩል ተነጥፎለት ያለ ቤት ላይ የሚጨመረው ግን ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ ገንዘቡን ቀዳዳ ለመድፈንና የሚያፈሱ ዳክቶችን፣ ማለትም የማሞቂያና የማቀዝቀዣ አየር የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች፣ ለማሸግ ብታውሉት ይሻላችኋል ባይ ነኝ።

ሌላው የውፍረት ጠላት ሻንጣ ነው። አገር ቤት ስንሄድ የምንይዛቸው ትልልቆቹ ሻንጣዎች ዓመቱን ሙሉ አቲክ ላይ ይቀመጣሉ አይደል? ከሥራቸው ያለው ኢንሱሌሽን ይጨፈለቃል። አሥር ኢንች የነበረው አራት ሲሆን አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ዕቃ ማስቀመጥ የግድ ከሆነ ከኢንሱሌሽኑ ከፍ ያለ መደብ አሠሩለት።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

አድማጮቼ፣ ቀዳዳውን አየን፣ ውፍረቱን አየን። አሁን ዓይነቱ።

ፋይበርግላስ በጥቅልም ይሸጣል፣ በከረጢት ሆኖ በማሽንም ይነፋል። ጥቅሉን ራሳችሁ ማንጠፍ ትችላላችሁ፣ ዋጋውም ይቀላል። ግን በእንጨቶቹ መሀል ልክ ተቆርጦ ካልገባ ክፍተት ይተዋል። የድሮው ላይ የምትደርቡት ከሆነ ወረቀት የሌለውን ግዙ፣ ከእንጨቶቹ አቅጣጫ ተሻግሮ አግድም ይነጠፍ። ወረቀት ያለበት ዓይነት ወረቀቱ በብርድ አገር ወደ ሞቃቱ ክፍል፣ ማለትም ወደ ታች ነው የሚዞረው። ወረቀቱ ወደ ላይ ተገልጦ ከቀረ እርጥበት አፍኖ ያስቀራል፣ ደግሞም ተቀጣጣይ ነው።

ሴሉሎስ በአብዛኛው ከአሮጌ ጋዜጣ የሚሠራ ነው። ጋዜጣ? አይቃጠልም ወይ? ትላላችሁ። ቦሬት በተባለ ማዕድን ስለሚታከም እሳት ቢነካው እንደ ተራ ወረቀት አይነድም፤ ነፍሳትም አይወዱትም። ጠጠር ያለ ስለሆነ አየር እንደልቡ አያልፍበትም፣ በየጥጋጥጉም ገብቶ ይሞላል። በብርድ ግዛት ላሉ አሮጌ ቤቶች፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ምርጫዬ እሱ ነው። ጉድለቱስ? ሲነፋ አቧራው ብዙ ነው፣ ከጊዜ በኋላ ይወርዳል፣ ጣሪያው ካፈሰሰ ደግሞ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ የሚያፈስ ጣሪያ ይዛችሁ ሴሉሎስ አታስነፉ። ከባድም ስለሆነ፣ ኮርኒሳችሁ ስስ ከሆነና እንጨቶቹ ከተራራቁ ክብደቱን ይችል እንደሆነ አስጠይቁ።

ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከብረት ማቅለጫ ተረፈ ምርት የሚሠራው ሚነራል ዉል እሳት አይፈራም፣ ውሃም አይጠጣም። ይወደዳል። በጭስ ማውጫ አካባቢ ለመጠቀም ግን ዋጋው ይገባዋል።

ስፕሬይ ፎም ላይ ላዝግም። ሻጮቹ አጥብቀው የሚገፉት እሱን ነው፣ ዋጋውም የትየለሌ ነው። ጥሩ ጎኑን አልክድም። ጠንካራው ዓይነት በአንድ ኢንች ከአር-6 በላይ ይሰጣል፣ አየርም አያሳልፍም። ዳላስና ሂውስተን ውስጥ ብዙ ቤት የማቀዝቀዣ ዳክቶቹ አቲክ ውስጥ ናቸው። እዚያ ፎሙ በጣሪያው እንጨት ሥር ተነፍቶ አቲኩን የቤቱ አካል ማድረግ ትርጉም ይኖረዋል። ነገር ግን አንዴ ከተነፋ በቀላሉ አይነሳም። እንጨቱን ይሸፍናል፤ ጣሪያው ቢያፈስ ቶሎ አታዩትም። ቅልቅሉ ከተበላሸ ሽታው ቤት ሊያስለቅቅ ይችላል። በሚነፋበት ጊዜ ቤተሰብ በሙሉ ከቤት መውጣት አለበት፣ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነውም ባለሙያው ነው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። እዚያ ጣሪያው ሥር ፎም ለተነፋበት ቤት የቤት ብድር የሚከለክሉ ባንኮች አሉ፤ ቤቱን ልሽጥ ሲባል ገዢ ይጠፋል። ለእናንተ የሚመከረው 270 ሚሊሜትር የሚሆን ተራ ሚነራል ዉል ነው።

አቲኩ ባዶ ለሆነ፣ ዳክት ለሌለበት የብርድ አገር ቤት ፎም አያስፈልግም። ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ከቤተሰብ ጉሮሮ ተነጥቆ የሚከፈል ገንዘብ ነውና።

ሞቃት አገር ያላችሁ፣ ጣሪያው ሥር የሚዘረጋ የሚያብረቀርቅ ወረቀትም አለ። የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፣ ዳላስና ፊኒክስ ይጠቅማል። ሚኒሶታ ላይ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑበት።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ አቲክ ልትወጡ ተነስታችሁ ይሆናል። ቆዩኝ! ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ እግራችሁ እንጨት ላይ ብቻ ይረፍ። በእንጨቶቹ መሀል ያለው ድራይዎል ሰው አይሸከምም፤ ሳሎን ውስጥ ትወድቃላችሁ። የአቧራ መከላከያ ማስክ፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ። በበጋ ከሆነ ጠዋት ማለዳ ውጡ፣ ቀትር ላይ አቲክ ሰው ያዝለፈልፋል።

ሁለተኛው፣ ቤታችሁ ከ1950 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በነጭ የሸክላ ማቀፊያ ላይ የተወጠሩ የድሮ ሽቦዎችን ፈልጉ። ካያችኋቸው ኢንሱሌሽን አትጫኑባቸው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይያቸው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ኢንሱሌሽናችሁ ትንንሽ ጠጠር ከሆነ፣ ግራጫ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስስ ቅጠል የተደራረበ የሚመስል ከሆነ፣ አትንኩት። ቀስ ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ ውረዱ። ቨርሚኩላይት ይባላል። ከ1919 እስከ 1990 አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት ከመቶ ሰባ እጁ በላይ የወጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለ ማዕድን ነበር። ማዕድኑ በአስቤስቶስ የተበከለ ነበር። ዞኖላይት በሚል ስም በከረጢት ተሽጦ ስፍር ቁጥር በሌለው ቤት አቲክ ፈሷል። የማዕድኑ ሠራተኞች፣ ልብሳቸውን ያጠቡ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በሳንባ በሽታ ታመሙ፣ ብዙዎችም ሞቱ። በ2009 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሊቢ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። መሥሪያ ቤቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ቨርሚኩላይት ካያችሁ አስቤስቶስ አለበት ብላችሁ ቁጠሩና አትንኩት። ሳይረበሽ እስከተቀመጠ አይጎዳም፤ አቧራው ሲነሳ ነው የሚገድለው። ለማስወገድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ልጆች አቲክ ላይ እንዳይጫወቱ፣ የኬብል ሠራተኛም እንዳይረግጠው ንገሩ።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

ኮንትራክተር ጠራችሁ እንበል። ምን ትጠይቁታላችሁ?

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1979 ያወጣው ደንብ አለ። ኢንሱሌሽን የሚገጥም ሰው፣ የሸፈነውን ስፋት፣ ውፍረቱን፣ አር ቫሊዩውን፣ የሚነፋ ከሆነም የተጠቀመውን የከረጢት ብዛት በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። መብታችሁ ነው።

የከረጢቱ ብዛት ለምን ይጠቅማል? አንዳንድ ሠራተኛ ማሽኑን አየር አብዝቶ ያስነፋበታል። ውፍረቱ የተባለውን ያህል ይሆናል፣ ማስመሪያ ብታስገቡም ትክክል ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ቁጭ ይላል። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። የአቲካችሁን ስፋት አስሉና ባዶዎቹን ከረጢቶች ቁጠሩ። ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት ከረጢቶቹን እንዳይወስዱ ንገሯቸው። ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያሉት የአየር መግቢያዎች በኢንሱሌሽን እንዳይደፈኑ ባፍል የሚባለው ማሳለፊያ መገጠሙን በፎቶ አሳዩኝ በሏቸው።

ራሳችን እንሥራው ለምትሉም፣ ብዙ ትልልቅ የግንባታ ዕቃ መደብሮች የተወሰነ ከረጢት ለገዛ ሰው የሚነፋውን ማሽን በነጻ ያውሳሉ። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከታች ማሽኑን ይመግባል፣ ሌላው ከላይ ቱቦውን ይይዛል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ለኢንሱሌሽን ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚሠራ ሥራ ቀርቷል። አሁንም ታክስ ታስመልሳላችሁ እያለ የሚያስፈርማችሁ ሰው ካለ አትፈርሙ። ግን ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ከ1976 ጀምሮ ያለ ዌዘራይዜሽን የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። መርማሪ ይልካል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ኢንሱሌሽን ያስገባል፣ ለቤተሰቡም በነጻ ነው። ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ እጥፍ ካልበለጠ ልታመለክቱ ትችላላችሁ። ተከራይ የሆናችሁም ባለቤቱ ከፈቀደ ይሠራላችኋል። በየግዛቱ የሚያስተናግደው መሥሪያ ቤት የተለያየ ስለሆነ፣ የማሞቂያ ክፍያ እርዳታ የምትጠይቁበትን ቢሮ ዌዘራይዜሽንስ እዚሁ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ወረፋው ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ በበጋ አመልክቱ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናትና አባት፣ ጎረቤትም ካላችሁ ቅጹን አብራችኋቸው ሙሉላቸው።

ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች እንደተለመደው ላኩልን። የቤታችሁን የተሠራበት ዓመት፣ የምትኖሩበትን ከተማና በማስመሪያ የለካችሁትን ውፍረት ጨምራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዳክቶችና ስለ ፈርነስ ማጣሪያ እናወራለን። ደህና ሰንብቱ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]